ሌናርት ፎን ፖስት

ሌናርት ፎን ፖስት (ጁን 16 ቀን 1884 – ጃንዋሪ 11 ቀን 1951 እ.ኤ.አ.) የስዊድን የሥነ ምድር ተመራማሪ ነበር። በረግረግ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ የአበባ ብናኝን በመቁጠር ያለፉ ዘመናት ደንና የአየር ንብረት ምን ይመስሉ እንደነበር ማወቅ እንደሚቻል አሳይቷል። በ1916 በክርስቲያኒያ (በዛሬዋ ኦስሎ) ያቀረበው ንግግር በቁጥር ላይ የተመሠረተው የአበባ ብናኝ ትንተና የተጀመረበት ጊዜ ተደርጎ ይቆጠራል። የፒትን የመበስበስ ደረጃ ለመለካት ዛሬም የሚያገለግለው ባለ 10 ደረጃ መለኪያ በስሙ ይጠራል።

ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙ ሊቃውንት የረግረግ ንብርብሮች ያለፈውን የአየር ንብረት መዝግበው እንደያዙ ያምኑ ነበር፤ መዝገቡ ምን እንደሚል ግን መስማማት አልቻሉም። ፎን ፖስት ወደዚህ ክርክር ያመጣው አዲስ ነገር ቁጥር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ሙሉ ስሙ ኤርንስት ያኮብ ሌናርት ፎን ፖስት ነው። የተወለደው በስዊድን በቬስተሮስ ነው። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድርን ያጠና ሲሆን፣ ከመምህራኑ አንዱ የረግረጎችን ታሪክ ይመረምር የነበረው ሩትገር ሰርናንደር ነበር። በ1908 በስዊድን የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። በ1929 በስቶክሆልም ከፍተኛ ትምህርት ተቋም (በዛሬው የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ) የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሆነ። በ1950 ጡረታ ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ አረፈ።

በመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ሥራ ከጥንት የአየር ንብረት ጋር በቀጥታ የተያያዘ አልነበረም። ስዊድን የድንጋይ ከሰል እምብዛም የላትም፤ ደርቆ የሚነድ ፒት ግን በረግረጎቿ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የደቡብ ስዊድንን ረግረጎች እያስቆፈረ የፒቱን ጥልቀት፣ ዓይነትና ጥራት ያስመዘግብ ነበር። ፎን ፖስት ከሥራ ባልደረባው ከኤሪክ ግራንሉንድ ጋር ሆኖ የዚህን ቆጠራ ውጤት በ1926 በመጽሐፍ አሳተመ። ለማገዶ ጥናት ተብሎ ከየረግረጉ የወጣው ናሙና ለሳይንሳዊ ሥራውም ዋና መነሻ ሆነለት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቦታ ሳይሆን ከሰፊ አገር የተሰበሰበ ማስረጃ በእጁ ስለነበረ ቦታን ከቦታ ጋር ማነጻጸር ችሏል።

ፒት እንዴት ማስረጃ ይሆናል?

ፒት ማለት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ በርጥበት ውስጥ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። በተለመደው መሬት ላይ ዕፅዋት ሲሞቱ ተሕዋስያን ኦክስጅን እየተጠቀሙ ያበሰብሷቸዋል። ውሃ በሞላው ረግረግ ውስጥ ግን ኦክስጅን ወደ ታች እምብዛም አይደርስም። በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ዋናው ፒት ሠሪ የሆነው ስፋግነም የተባለው የሞስ ዓይነት ደግሞ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው መበስበሱን ይበልጥ ያዘገየዋል። በዚህ ምክንያት የእያንዳንዱ ዘመን ቅሪት ባለፈው ዘመን ቅሪት ላይ ይደረባል፤ የታችኛው አሮጌ፣ የላይኛው አዲስ ይሆናል። ዕድገቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ሜትር ፒት የአንድ ሺህ ዓመት ወይም ከዚያ የበለጠ ታሪክ ሊይዝ ይችላል።

ለአየር ንብረት ጥናት በተለይ የሚፈለገው ከአካባቢው መሬት ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ያደገ ረግረግ ነው። ወንዝም ሆነ ምንጭ ወደ ላዩ ስለማይደርስ ውሃ የሚያገኘው ከዝናብና ከበረዶ ብቻ ነው። የላዩ ርጥበት የሚወሰነው በሚዘንበውና በሚተነው ውሃ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ዘመኑ ርጥብ ሲሆን ሞሱ ቶሎ ያድጋል፣ በጥቂቱም ብቻ ይበሰብሳል፤ ዘመኑ ሲደርቅ ደግሞ ፒቱ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል፣ አንዳንዴም ዛፍ ይበቅልበታል።

ሁለተኛው ማስረጃ ነፋስ ከአካባቢው ዛፎች አምጥቶ የሚያራግፈው የአበባ ብናኝ (ፖለን) ነው። አንዱ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እስከ አንድ አሥረኛ የሚሆን መጠን አለው። ውጫዊ ቅርፊቱ በተፈጥሮ ከሚገኙ እጅግ ጠንካራ ቁሶች አንዱ በሆነው ስፖሮፖለኒን የተሠራ በመሆኑ ኦክስጅን በሌለበት ፒት ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ቅርጹም እንደ ዕፁ ይለያያል። የፓይን ብናኝ በሁለት ወገን የአየር ከረጢት አለው፤ የበርች ብናኝ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። በአጉሊ መነጽር የሚመለከት ሰው ብናኙ ከየትኛው የዛፍ ወገን እንደመጣ መለየት ይችላል።

ከፎን ፖስት በፊት የነበረው ክርክር

በ1876 የኖርዌይ የዕፅዋት ተመራማሪ አክሰል ብሊት በረግረጎች ውስጥ የዛፍ ጉቶዎችና የሞስ ንብርብሮች እየተፈራረቁ እንደሚገኙ በመመልከት፣ ከበረዶ ዘመን ወዲህ ደረቅና ርጥብ ዘመናት ተፈራርቀዋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሰርናንደር ይህን ሐሳብ በስዊድን አስፋፋው። ቦሪያል፣ አትላንቲክ፣ ሰብቦሪያልና ሰብአትላንቲክ የሚባሉት የዘመን ስሞች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው። ሰርናንደር ከነሐስ ዘመን ወደ ብረት ዘመን በተደረገው ሽግግር አካባቢ የአየር ንብረቱ በድንገት ቀዝቃዛና ርጥብ ሆኗል ብሎ ያምን ነበር። ይህንንም በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ከሚነገረው ታላቅ ክረምት ጋር አያይዞታል። በጀርመንም ካርል አልበርት ቬበር በሰሜን ጀርመን ረግረጎች ውስጥ ከታች ጥቁርና የበሰበሰ፣ ከላይ ፈዛዛና ትኩስ የሆነ ፒት በግልጽ መስመር ተለይቶ እንደሚገኝ መዝግቦ ነበር።

የተቃራኒው ወገን መሪ ስዊድናዊው ጉናር አንደርሶን ነበር። አንደርሶን ሄዝል የተባለው ዛፍ ፍሬ ዛሬ ዛፉ ከሚበቅልበት ወሰን በስተሰሜን ባሉ ረግረጎች ውስጥ ተቀብሮ እንደሚገኝ አሳየ። ከዚህም በመነሣት በጋው ያኔ ከዛሬው 2.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቅ እንደነበር ገመተ። በእርሱ አመለካከት ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ወረደ እንጂ ድንገተኛ መፈራረቅ አልነበረም። ጉዳዩ በ1910 በስቶክሆልም በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ምድር ጉባኤም መነጋገሪያ ሆነ።

ሁለቱም ወገኖች ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ዓይነት ድክመት ነበረበት። ጉቶ፣ ቅጠልና ፍሬ በአንድ ቦታ ላይ የነበረን ዛፍ ይመሰክራሉ፤ ዛፉ በአገሩ ውስጥ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑን ግን አይናገሩም። ፍሬ አለመገኘቱም ዛፉ እንዳልነበረ ማረጋገጫ አይሆንም።

የ1916ቱ ንግግር

የአበባ ብናኝን በፒት ውስጥ ያየ የመጀመሪያው ሰው ፎን ፖስት አልነበረም። ቬበር፣ እንዲሁም የስቶክሆልሙ የዕፅዋት ተመራማሪ ጉስታፍ ላገርሄይም፣ ከእርሱ በፊት ብናኝ ቆጥረው በመቶኛ ገልጸዋል። የፎን ፖስት ድርሻ ቆጠራውን ከፒቱ ሥር እስከ ላይ በተከታታይ ናሙና ማካሄዱ፣ ውጤቱን በአንድ ሥዕል ላይ ማስቀመጡና የብዙ ቦታዎችን ሥዕል ጎን ለጎን ማነጻጸሩ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በመቆፈሪያ ዘንግ ከተለያየ ጥልቀት ትንሽ ትንሽ ፒት ይወጣል። ናሙናው በአልካላይ ውህድ ተፈልቶ ከዕፅዋት ቅሪቱ ይላላና በአጉሊ መነጽር ሥር ይቀመጣል። ቆጣሪው የሚያገኘውን እያንዳንዱን የዛፍ ብናኝ በዓይነቱ ይመዘግባል። ለምሳሌ ከአንድ ጥልቀት 200 ብናኝ ተቆጥሮ 100 የፓይን፣ 60 የበርች፣ 40 የአልደር ቢሆን ድርሻቸው 50፣ 30 እና 20 በመቶ ይሆናል። ጥልቀቱ ከላይ ወደ ታች፣ መቶኛው ወደ ጎን ተደርጎ ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ የእያንዳንዱ ዛፍ መጨመርና መቀነስ በዓይን ይታያል። ይህ የሥዕል ዓይነት የብናኝ ዲያግራም ይባላል።

በ1916 በስካንዲኔቪያ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች 16ኛ ጉባኤ ላይ ፎን ፖስት ከደቡብ ስዊድን ረግረጎች የተገኙ እንዲህ ያሉ ዲያግራሞችን አቀረበ። በተለያዩ ረግረጎች ውስጥ የዛፎቹ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ነፋስ ብናኙን በሰፊ አካባቢ ላይ ስለሚበትነው፣ ዲያግራሙ የሚያሳየው ረግረጉ ላይ የበቀለውን ዛፍ ብቻ ሳይሆን የአገሩን ደን ነው። በአንድ ረግረግ ውስጥ የታየው ለውጥ በሌላው ውስጥ ከታየ መነሻው የዚያ ረግረግ የራሱ ጠባይ ሊሆን አይችልም። ንግግሩ በ1918 ታተመ፤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው ግን በ1967 ነው።

ውጤቶቹ

በደቡብ ስዊድን ዲያግራሞች ከታችኛው ንብርብር አካባቢ በርችና ፓይን በብዛት ይገኛሉ። ቀጥሎ ሄዝል ይጨምራል። ከዚያ በላይ ሙቀት የሚፈልጉት ኤልም፣ ኦክና ሊንደን ከአልደር ጋር ይስፋፋሉ። በመጨረሻም እነዚህ ይቀንሱና በደቡብ ቢች፣ በሌላው አካባቢ ስፕሩስ ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህን ቅደም ተከተል ፎን ፖስት የሙቀት መጨመር፣ የሙቀት ጣሪያና የሙቀት መቀነስ ዘመን ብሎ በሦስት ከፈለው።

ውጤቱ የቀድሞውን ክርክር መልክ ቀየረው። የደኑ መስመሮች የሚያሳዩት በዝግታ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ሲሆን፣ ይህ ለአንደርሶን አመለካከት የቀረበ ነው። የፒቱ ንብርብር ደግሞ የአጭር ጊዜ የርጥበት ለውጦችን ያሳያል፤ ይህም ከሰርናንደር ወገን ጋር ይስማማል። ደኑና ፒቱ ለተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ይሰጡ ስለነበር ሁለቱንም በአንድ ዲያግራም አብሮ ማንበብ አስፈላጊ ሆነ። ግራንሉንድ በ1932 ባሳተመው ጥናት በስዊድን ረግረጎች ውስጥ የበሰበሰ ፒት በድንገት በትኩስ ፒት የተተካባቸውን አምስት መስመሮች ለይቶ፣ ዕድሜያቸውን 2300፣ 1200 እና 600 ዓመተ ዓለም፣ እንዲሁም 400 እና 1200 ዓ.ም. ገደማ አድርጎ ገመተ።

በዚያ ጊዜ ፒትን በቀጥታ ለመመዘን የሚያስችል የዕድሜ መለኪያ አልነበረም። የሬዲዮካርቦን መለኪያ የታወቀው ፎን ፖስት ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1949 ነው። ስለዚህ ዕድሜው የሚገመተው በፒት ውስጥ ከተገኙ የጥንት ዕቃዎች፣ ከቀድሞ የባሕር ዳርቻዎች ከፍታ፣ እንዲሁም ዬራርድ ደ ዬር በሐይቅ ጭቃ ላይ ከቆጠራቸው ዓመታዊ ንብርብሮች ጋር በማያያዝ ነበር።

የፎን ፖስት መለኪያ

በ1922 ያሳወቀው የፒት መበስበስ መለኪያ መሣሪያ የማይፈልግ የመስክ ዘዴ ነው። ተመራማሪው ርጥብ ፒት በእፍኙ ይዞ አጥብቆ ይጨምቃል፤ ከዚያም በጣቶቹ መካከል የሚወጣውን ይመለከታል። ደረጃዎቹ ከኤች 1 እስከ ኤች 10 ይቆጠራሉ። በኤች 1 የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ የዕፁም ቅርጽ እንዳለ ይታያል። በመካከለኛ ደረጃዎች ውሃው ይደፈርስና ጥቂት ፒት አብሮ ይወጣል። በኤች 10 ፒቱ በሙሉ በጣቶች መካከል ያመልጣል፤ ምንም የዕፅ ቅርጽ አይታይም። የአፈር ጥናት ባለሙያዎችና መሐንዲሶች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ወደ ሌሎች አገሮች

ዘዴው ከስካንዲኔቪያ ውጭ እንዲታወቅ ያደረገው ተማሪው ጉናር ኤርትማን ነው፤ በ1921 የመመረቂያ ጥናቱን በጀርመንኛ በማሳተሙ ስዊድንኛ የማያነቡ ሊቃውንት ሊያገኙት ቻሉ። በ1944 የብናኝ ጥናት ፓሊኖሎጂ የሚል ስም ተሰጠው።

ፎን ፖስት ራሱ የሙቀቱ መውጣትና መውረድ የአውሮፓ ጉዳይ ብቻ ይሁን ወይም የመላው ዓለም ለማወቅ ፈለገ። የኒው ዚላንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ሉሲ ክራንዌል ወደ ስቶክሆልም መጥታ አብራው ከሠራች በኋላ በ1936 የአገሯን ረግረጎች ዲያግራም በጋራ አሳተሙ። የፊንላንዱ ቫይኖ አውዌር ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከቲየራ ዴል ፉዌጎ፣ ስዊድናዊው ኦሎፍ ሴሊንግ ከሐዋይ ረግረጎች ማስረጃ አመጡ። በ1944 የስዊድን የቪጋ ሜዳልያ ለፎን ፖስት ተሰጠ። በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን ሁሉ አሰባስቦ ለውጡ ዓለም አቀፍ እንደነበር ተከራክሯል።

ትችትና ማሻሻያ

የመቶኛ ስሌት የራሱ ወጥመድ አለው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የበርችና የአልደር ብናኝ ሳይለወጥ የፓይኑ ብቻ ከ100 ወደ 300 ቢያድግ ድምሩ 400 ይሆናል። በዚህ ጊዜ የበርች ድርሻ ከ30 ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። አንድም የበርች ዛፍ ሳይጠፋ ዲያግራሙ በርች በግማሽ የቀነሰ ያስመስለዋል። ከዚህም ሌላ ዛፎች እኩል ብናኝ አይበትኑም፤ ፓይን ብዙ ሲያወጣ ሊንደን ጥቂት ያወጣል። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ዴቪስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን ልዩነት ለማስላትና በየዓመቱ የሚያርፈውን የብናኝ መጠን ለመገመት የሚያስችሉ መንገዶችን አሳይታለች።

ሌላው ጥያቄ የሰው እጅ ነው። ዴንማርካዊው የንስ ኢቨርሰን በ1941 የዛፍ ብናኝ መቀነስና የሣርና የአረም ብናኝ መጨመር የጥንት ገበሬዎች ደን ከመመንጠራቸው የመጣ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ የዛፍ መቀነስ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የፒቱ ንብርብርም ቢሆን ተፈትኗል። ስዊድናዊው ሁጎ ኦስቫልድ በ1923 የረግረጉ ጉብታዎችና ጉድጓዶች በራሳቸው ዑደት ቦታ ይለዋወጣሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ እውነት ከሆነ የንብርብሮቹ መፈራረቅ ከአየር ንብረት ጋር ላይገናኝ ይችላል። እንግሊዛዊው ኪዝ ባርበር በሰሜን እንግሊዝ በሚገኘው ቦልተን ፌል ሞስ ረግረግ ላይ የተቆረጡ የፒት ግድግዳዎችን መርምሮ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የዑደቱን ሐሳብ ውድቅ አደረገ፤ የረግረጉን ላይ በዋናነት የሚቆጣጠረው የአየር ንብረት መሆኑንም አሳየ።

በኢትዮጵያ

ዘዴው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችም ሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያዊው መሐመድ ኡመር እና ፈረንሳዊቷ ሬይሞንድ ቦንፊል በ1998 በባሌ ተራሮች 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው የታምሳ ፒት የተገኘ የብናኝ መዝገብ አሳትመዋል። መዝገቡ ወደ ኋላ እስከ በረዶ ዘመን ማብቂያ ይደርሳል። መሐመድ ኡመርና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2007 በዚያው ተራራ ላይ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ጭቃ የተገኘ ሌላ መዝገብ አውጥተዋል።

እዚህ አንባቢው የሚፈልጋቸው ብናኞች የስዊድን ዛፎች ሳይሆኑ የዝግባ፣ የጥድ፣ የኮሶና የአስታ ናቸው። የአተረጓጎም ጥንቃቄውም ያው ነው። የዝግባ ብናኝ እንደ ፓይን የአየር ከረጢት ስላለው ነፋስ ሩቅ ይወስደዋል። ስለዚህ በከፍተኛ ቦታ ላይ ጥቂት የዝግባ ብናኝ መገኘቱ ዛፉ በዚያ ቦታ እንደነበረ አያረጋግጥም።

የመዝገቡ ደኅንነት

ፒት ከምድር የየብስ ስፋት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሸፍንም፣ በዓለም ደኖች ዕፅዋት ውስጥ ካለው የሚበልጥ ካርቦን ይዟል። ረግረግ ለእርሻ፣ ለዛፍ ተከላ ወይም ለማገዶ ሲንጣፈፍ ኦክስጅን ወደ ፒቱ ይገባል፤ ለሺህ ዓመታት የቆየውም ቅሪት በስብሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚጠፋው የላይኛው፣ ማለትም የቅርብ መቶ ዓመታትን የያዘው ክፍል ነው። በዚያ ጊዜ የተለካ የሙቀትና የዝናብ መረጃ ስለሚገኝ፣ ይህ ክፍል ሌላውን የመዝገቡን ክፍል ለመፈተሽ ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎች ከየአገሩ ረግረጎችና ሐይቆች የተገኙ የብናኝ ቆጠራዎችን ኒዮቶማን በመሳሰሉ ለሁሉም ክፍት በሆኑ የመረጃ ቋቶች ያስቀምጣሉ። በእነዚህ ቋቶች የሚገኘው መረጃ የአየር ንብረት ሞዴሎች ያለፈውን ዘመን በትክክል ማስላት መቻላቸውን ለመፈተሽ ያገለግላል። አንድ ቆጠራ ሲያጠራጥር ወደ ረግረጉ ተመልሶ አዲስ ናሙና ማውጣት የሚቻለው ግን ፒቱ በቦታው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።